ጽናት ከድል በኋላ፦ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ለወጣቶቻችን

በሐይቅና በአምባሰል የምንኖር ክርስቲያኖች ስለ ጽናት ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ለዓመታት የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዓይናችን ፊት ነው። አባቶቻችን የእንዲህ ያሉትን ሰዎች የሕይወት ታሪክ የጠሩበትን ቃል ልብ ልንለው ይገባል። ታሪክ ብቻ ብለው አላለፉትም፤ ገድል አሉት። ገድል ማለት ትግል ነው። ቅዱሱም ተጋዳይ ይባላል። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ቅድስናና ፉክክር በአንድ ቃል ተገናኝተው ይኖራሉ ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ ምሳሌውን የወሰደው ከሩጫ ሜዳ ነው። ቆሮንቶስ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የስፖርት ጨዋታ ከሚደረግበት ስፍራ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ነበረች። ስለዚህ አንባቢዎቹ ሯጭ ራሱን ከስንት ነገር እንደሚከለክል፣ ከቅጠል ተጎንጉኖ የሚሰጠው አክሊልም በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚደርቅ ያውቁ ነበር። ሐዋርያው ሯጩን አልናቀውም። ለሚጠፋ ሽልማት ይህን ያህል የሚደከም ከሆነ፣ ለማይጠፋው ምን ያህል ልንደክም እንደሚገባን አሳየን እንጂ።

ዛሬ በሐይቅ፣ በውጫሌና በአካባቢው ቀበሌዎች ወጣቶች ይሮጣሉ፤ ኳስ ይጫወታሉ፤ በትምህርት ቤቶች መካከልም ይወዳደራሉ። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ በአንድ ሜዳ አብረው ያልባሉ። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበናል። ያሸነፈውን ልጅ ሁሉም ያቅፈዋል፤ የተሸነፈውን ግን ማን ይፈልገዋል? ለምርጫ ቀርቦ ሳይመረጥ የቀረ፣ እግሩ ተጎድቶ ከሜዳ የወጣ፣ ሕልሙ በአንድ ቀን የፈረሰበት ወጣት ብዙ ጊዜ ከትምህርቱም ከጸሎቱም ይርቃል። ጽናት ማለት ማሸነፍ ብቻ እንደ ሆነ ተምሯልና፣ ድል ሲርቀው እምነቱም አብሮ የራቀው ይመስለዋል። ይህን አሳብ ለማረም ከአገራችን ሯጮች ሁሉ አባት ከሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከገና ሜዳ እስከ ክብር ዘበኛ

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በዚያው ዕለት በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። ኢትዮጵያ ግን በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነውና፣ በዚያን ቀን በገበሬ ጎጆ የተወለደው ሕፃን የዚያ ውድድር ባለ ታሪክ ይሆናል ብሎ የሚገምት አልነበረም። ሦስት ዓመት ሲሆነው የፋሺስት ጦር አገራችንን ወረረ። ቤተሰቡም ጎሮ ወደ ተባለች ራቅ ያለች ስፍራ ለመሰደድ ተገደደ። ከጊዜ በኋላ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው በእርሻ ሲኖሩ፣ አበበ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀ አደገ።

የመጀመሪያ ስፖርቱ የገና ጨዋታ ነበር። እኛም የምናውቀው ነው፤ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩሯን እየመቱ በሰፊ ሜዳ ላይ መሮጥ ነው። አንዳንድ ጊዜ የሁለቱ ወገን ግቦች በብዙ ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ትውፊታችን ጨዋታውን የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ ከዘለሉት እረኞች ጋር ያያይዘዋል። በገና ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ እኩል ይሆናሉ፤ በጨዋታው በመመታት መቀየምም ነውር ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ወጣት ፉክክርን በመጀመሪያ የተማረው በዓልን፣ እኩልነትንና ይቅርታን ከያዘ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል።

በ1944 ዓ.ም. ገደማ አበበ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በክብር ዘበኛ ውስጥ ወታደር ሆነ። በየዕለቱም ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር። ጥረቱን የተመለከተው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነው። አሠልጣኙ ሲያሠለጥነው ወታደሩ ታዘዘ፤ ረጅሙንም ፈጣኑንም ልምምድ በትዕግሥት ፈጸመ። ታዋቂ ሯጭ ግን ወዲያው አልሆነም። በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ከታላቁ ሯጭ ከዋሚ ቢራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣበት ጊዜ ነበር። ማራቶንን በውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠው በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ያን ጊዜ 28 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ፍሬ የሚጠብቅ ወጣት ይህን ያስተውል።

የማራቶንን ርቀት ለማያውቅ አንባቢ በአገራችን መንገድ እንለካለት። ከደሴ ሐይቅ ከተማ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅ የደረሰ ሯጭ ገና ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ብዙ ሯጭ የሚወድቀውም በዚያ በቀረው መንገድ ላይ ነው።

በሮም፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን አዲሱን ዓመት ለመቀበል በሚዘጋጁበት ምሽት፣ አበበ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ለውድድር ቆመ። የተገዛለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው፣ በለመደው በባዶ እግር መሮጥን መረጠ። ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ ወደ ማታ ላይ ተጀመረ። ጨለማ ሲሆንም በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር የቆሙ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር።

አበበ በቁጥር 26 የሚሮጠውን ሞሮኮአዊ ሯጭ ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠነቀቅ ተነግሮት ነበር። ሞሮኮአዊው ግን በሌላ ቁጥር፣ በ185፣ ሮጠ። አበበም ቁጥር 26ን ከፊቱ እየፈለገ፣ አጠገቡ ያለው ሯጭ የሚፈልገው ሰው መሆኑን ሳያውቅ ብዙ መንገድ ከእርሱ ጋር ተጓዘ። በመጨረሻ ከአክሱም ተወስዶ በሮም የቆመው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረና ተለየው። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ዳግመኛ ቆሟል። የሩጫው ፍጻሜ ለክርስቲያኖች ነጻነትን በሰጠው በንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ስም የሚጠራው የድል ቅስት ነበር። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። የቀድሞውን የዓለም ክብረ ወሰን ያሻሻለው አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ነው። ራዲ በ25 ሰከንድ ተከትሎት ገባ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ። በሕፃንነቱ ጦር ከቀዬው ያፈናቀለው ልጅ፣ ጦሩን በላከችው አገር ዋና ከተማ ያለ ጥላቻና ያለ መሣሪያ አሸነፈ።

ከዚህ ድል በኋላ በስምንተኛው ቀን፣ በዚያችው በሮም ከተማ ሌላ ውድድር ተጀመረ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ተወዳደሩ። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ጨዋታ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛም ተወዳዳሪዎቹን ተቀብለው አነጋገሯቸው። በዚያን ጊዜ አበበ በዓለም ፈጣን ከተባሉት እግሮች ባለቤት ነበርና፣ ይህ ሁለተኛው ውድድር እርሱን የሚመለከት አይመስልም ነበር። አንባቢያችን ግን ይህን ነገር በልቡ ያኑርልን።

በሁለት ድሎች መካከል

ከሮም ድል ሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች የመንግሥት ግልበጣ ሞከሩ። የጦሩ አባል የነበረው አበበም ለአጭር ጊዜ ተይዞ ከተመረመረ በኋላ ተለቀቀ። የሰው ክብር ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነዋወጥ ያየበት ወቅት ነበር። ቢሆንም ልምምዱን አላቋረጠም። በቀጣዩ ጊዜ በአቴና፣ በጃፓን ኦሳካና በኮሺሴ ከተማ አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. ግን ከማሞ ወልዴ ጋር ወደ ቦስተን ሄዶ አምስተኛ ወጣ። አብዛኛውን መንገድ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ቀድመው ሲመሩ ቆይተው፣ በቀዝቃዛው ነፋስና በዳገቱ ደከሙ። የተሸነፈው አበበ ወደ አገሩ ተመልሶ እንደ ገና ልምምዱን ያዘ።

የቶኪዮ ኦሊምፒክ 40 ቀን ገደማ ሲቀረው አበበ በደብረ ዘይት ሲለማመድ ሕመም ያዘው። ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘና በመስከረም 1957 ዓ.ም. በቀዶ ጥገና ወጣለት። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ምክንያት ቢቀር የሚወቅሰው አልነበረም። እርሱ ግን ቁስሉ እንደ ዳነለት ቀስ በቀስ መራመድ፣ ከዚያም መሮጥ ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። የኦሊምፒክን ማራቶን በተከታታይ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው አበበ ሆነ። መስመሩን ካለፈ በኋላም ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ሁሉ ተደነቀ።

ብዙዎች የአበበን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆሙታል። ለእኛ ግን ዋናው ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

እግሮቹ ያልታዘዙበት ጊዜ

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለሦስተኛ ድል ተሰለፈ። እግሩ ታምሞ ነበር። ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሩጫውን ለማቋረጥ ተገደደ። ድሉን የአገሩ ልጅና የሥልጠና ጓደኛው ማሞ ወልዴ አገኘው። አበበ የቆመበትን መንገድ ማሞ ጨረሰው። አንድ ሰው ሲያቆም ሌላው የሚቀጥልበትን ይህን ቅብብል፣ በቤተ ክርስቲያን የምንኖር እኛ በደንብ ልናውቀው ይገባል። ቆሞሱ ያስጀመረውን መምህሩ፣ መምህሩ ያስጀመረውን ወጣቱ ይፈጽመዋልና።

ከዚያ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ በመኪናዋ ውስጥ እንደ ተያዘ አደረ። በማግሥቱ ሰዎች ሲያወጡት ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ታከመ። እጆቹ ዳኑለት፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልሄዱም። ዕድሜው 36 ዓመት ነበር፤ ባለ ትዳርና የአራት ልጆች አባትም ነበር።

ያ ሆስፒታል ተራ ስፍራ አልነበረም። ከናዚዎች ስደት አምልጦ ወደ እንግሊዝ የመጣው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ማከም የጀመረው በዚያ ነው። በ1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት ጉትማን በሆስፒታሉ ግቢ ለሕሙማኑ የቀስት ውድድር አዘጋጀ። በሮም ከአበበ ድል ስምንት ቀን በኋላ የተደረገው ጨዋታ ከዚያ የበቀለ ነው። አስቀድመን ልብ በሉልን ያልነው ይህንን ነው። በ1953 ዓ.ም. መባቻ ሌሎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል የነበረው መንገድ፣ ከዓመታት በኋላ የአበበ የራሱ መንገድ ሆነ።

አበበ ድሉም አደጋውም በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ ተቀብሎ፣ የመጀመሪያውን በደስታ እንደ ተቀበለ ሁለተኛውንም በትዕግሥት መቀበል እንዳለበት ይናገር ነበር። ጻድቁ ኢዮብ የቆመበት እምነት ይህ ነው። ነገር ግን መቀበል ማለት እጅን አጣጥፎ መተኛት እንዳልሆነ ሥራው ይመሰክራል። እጆቹ እንደ ታዘዙለት ቀስት አነሣ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ በተደረገ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። በሮም ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው፣ በሰሜን አገር በረዶ ላይ ተቀምጦ አንደኛ ወጣ። በ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲከፈት በክብር እንግድነት በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ሕዝቡም ቆሞ አጨበጨበለት።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ፣ በአደጋው ምክንያት በተከተለ የአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፣ 65,000 ያህል ሕዝብ ሸኝቶት በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። እርሱ ግን በአገራችን ልጆች እግር ገና ይሮጣል።

ለእኛ የሚሆነው

ከዚህ ሕይወት ለወጣቶቻችንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አራት ነገር እንወስዳለን።

አንደኛ፣ ጽናት በየቀኑ የሚደረግ ትንሽ ነገር ነው። ሮምን ያሸነፈው የአንድ ሌሊት ጉልበት አይደለም፤ የሱሉልታ መንገድ ነው። ጸሎትም እንዲሁ ነው። በመከራ ቀን የሚያጸናን በሰላሙ ቀን ያልተውነው አጭር ጸሎት ነው።

ሁለተኛ፣ ደንብን ጠብቆ መወዳደር ነው። ዕድሜውን ደብቆ ከታናናሾቹ ጋር የሚሰለፍ፣ ተቃራኒውን ሆን ብሎ የሚጎዳ ወጣት ዋንጫ ቢያነሣም አላሸነፈም። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አክሊልን ከሕግ ጋር ያያያዘው ስለዚህ ነው። የገናን ሜዳ ሥርዓት፣ ያለመቀየምን ልማድ፣ ለዛሬው ኳስ ሜዳም እናውርሰው።

ሦስተኛ፣ የተሸነፈውን መፈለግ ነው። መምህራን ሆይ፤ በቁምስናችሁ ውድድር በተደረገ ሳምንት ዋንጫ የያዘውን ልጅ ሌላው ሁሉ ይጎበኘዋል። እናንተ ያልተመረጠውን በቤቱ ጎብኙት። በቦስተን አምስተኛ የወጣው፣ በሜክሲኮ ያቋረጠው ሰው አበበ ቢቂላ እንደ ነበር ንገሩት። ወላጆችም ልጃቸውን በውጤቱ ብቻ አይመዝኑት። እግዚአብሔር የሚጠይቀን ስንተኛ እንደ ወጣን ሳይሆን የተሰጠንን መንገድ እንዴት እንደ ሄድን ነው።

አራተኛውና ዋነኛው፣ አካላቸው የተጎዳ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ከቤት ማውጣት ነው። በየመንደራችን ከሰው ዓይን ተሸሽገው የሚያድጉ ልጆች አሉ። እግዚአብሔር የተቆጣባቸው የሚመስለው ሰውም አለ። ጌታችን ስለ ዕውሩ ሰው በተጠየቀ ጊዜ ይህን አሳብ አልተቀበለም። አበበ እግሮቹን ካጣ በኋላ ቀስት የሚያቀብለውና ቦታ የሚሰጠው ሰው ባያገኝ ኖሮ፣ ጽናቱ በአልጋ ላይ ተደብቆ በቀረ ነበር። የእያንዳንዱ ቁምስና የወጣቶች ማኅበር በጨዋታውም፣ በመዝሙሩም፣ በትምህርቱም ለእነርሱ ቦታ ማዘጋጀቱን ይጠይቅ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ከሆነ የሚያመጣቸው ሰው ይመደብ።

ሁለት ጊዜ የወርቅ ሜዳሊያ ማግኘት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። ከወደቁ በኋላ በሌላ መንገድ እንደ ገና መጀመር ግን ለሁላችንም የተሰጠ ነው። በሐይቅ ገዳም የተጋደሉት አባቶች አምላክ፣ በአምባሰል ዳገት ለሚሮጡትም፣ መሮጥ ላልቻሉትም ልጆቻችን ይህን ጽናት ያድልልን። አሜን።